ረጅም የባህር ዳርቻ የብስክሌት ዙር፦ ስለ ዕቅዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህሩን ተከትሎ መንዳት፣ በየመንገዱ ምሽግና የመብራት ማማ ማየት፣ በመጨረሻ ከተነሱበት ቦታ ዞሮ መግባት። ሐሳቡ ልብ ይሰርቃል። ዕቅድ ላይ ግን ብዙ ሰው ጉዞውን በኪሎ ሜትር ብቻ ይለካል። እኔም የመጀመሪያውን ዙሬን ያቀድኩት እንደዚያ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ አሮጌ ምሽግ በር ላይ ስደርስ ጠባቂው እየቆለፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማቅደው በሰዓት ነው።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ላስብ?

ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ፣ መጠነኛ ልምድ ላለው ሰው ከ60 እስከ 80 ይበቃል። ያለ ዕቃ 100 የምትነዱ ብትሆኑም ከዚህ ባታልፉ እመክራለሁ። ዕቃ ተጭኖ በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር መሄድ ደህና ፍጥነት ነው። 70 ኪሎ ሜትር ማለት ታዲያ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ፔዳል መርገጥ ነው። በዚያ ላይ ምግብ አለ፣ ውሃ መሙላት አለ፣ መንገድ መሳት አለ፣ ቆም ብሎ ባህሩን ማየት አለ።

እኔ የማሰላው እንዲህ ነው። ቀኑ 12 ሰዓት ብርሃን አለው እንበል። ሁለት ታሪካዊ ቦታ ለማየት 3 ሰዓት ይቀነሳል። ለምግብና ለእረፍት 2። ጠዋት ዕቃ ለማሰርና ማታ ሳይመሽ ማደሪያ ለመግባት 1 ተኩል። ለጎማና ላልታሰበ ነገር 1። የሚተርፈው 4 ሰዓት ተኩል ነው። በ15 ስታባዙት 67 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። የዚያ ቀን መንገዳችሁ ይኸው ነው። ቁጥሩ ካነሰባችሁ ሌላ ቀን ጨምሩ እንጂ ጉብኝቱን አትቁረጡ። ለዚያ ነው የወጣችሁት።

አንዱ ካርታ 300 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 360። የትኛውን ልመን?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የባህር ዳርቻ ርዝመት በመለኪያው ይወሰናል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይህን ልብ ብሎ ነበር። የመለኪያው ዘንግ ባጠረ ቁጥር በየጎድጓዱና በየሹሉ እየገባ ስለሚለካ የዳርቻው ርዝመት እያደገ ይሄዳል። ለብስክሌተኛም ያው ነው። ዋናው መንገድ ባህረ ሰላጤውን ቆርጦ ያልፋል፤ ትንሿ መንገድ ደግሞ እያንዳንዱን እጥፋት ትከተላለች።

የሚረሳው ሌላው ነገር ገብቶ መውጫው ነው። የመብራት ማማ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ባህር ውስጥ በገባ መሬት ጫፍ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ገብታችሁ ታዩታላችሁ፤ ሌላ መውጫ ስለሌለ በዚያው 7 ትመለሳላችሁ። እንዲህ ዓይነት ሦስት ቦታ ካለ 42 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ቀን መንገዳችሁ ከግማሽ በላይ ይበላል። መስመሩን ስታወጡ እያንዳንዱን መግቢያ ለብቻው ለኩት።

ደሴትን በየትኛው አቅጣጫ ልዙር?

መጀመሪያ የአገሩን የመንገድ ሥርዓት ተመልከቱ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ከሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ዙሩ። ባህሩ በቀኛችሁ ይሆናል፣ እናንተም ከባህሩ ጋር ተጠግታችሁ ትሄዳላችሁ። በመካከል ሌላ መኪና አይገባም። ለፎቶ ለመቆምም አስፋልት መሻገር አያስፈልግም። በግራ በሚነዳበት አገር ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር መዞር ነው።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የጄጁ ደሴትን የሚዞረው የብስክሌት መንገድ 234 ኪሎ ሜትር ነው። አገሩ በቀኝ ስለሚነዳ ብስክሌተኛው በአብዛኛው ከሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ይዞራል። ሐይቅ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው መሀል ስለሆነ። ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የቢዋ ሐይቅ ዙር የሚነዱት ግን ከሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ነው። ውሃው በግራቸው እንዲሆን ነው።

ንፋሱ ይህን ሁሉ ሊያስለውጥ ይችላል።

ንፋስ ይህን ያህል ያስፈራል?

ከዳገት ይልቅ እሱን ፍሩ። ዳገት ያልቃል፣ ከጀርባውም ቁልቁለት አለው። የፊት ንፋስ ግን ቀኑን ሙሉ ላያቋርጥ ይችላል።

አየር የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በስኩዌር ነው የሚያድገው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ቢመጣ ሰውነታችሁን የሚመታው አየር 40 ነው። እጥፍ ሆነ፤ የሚገፋችሁ ኃይል ግን አራት እጥፍ ነው። በተግባር ፍጥነታችሁ ወደ 12 ይወርዳል። ለ4 ሰዓት ያሰባችሁት መንገድ ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚያ ቀን የምታዩት ምሽግ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል።

ባህር ዳር ደግሞ የራሱ የቀን ንፋስ አለው። ፀሐይ የብሱን ከባህሩ ቀድማ ታሞቃለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የባህር አየር ቦታውን ለመያዝ ይገባል። ስለዚህ ፀሐያማ በሆነ ቀን ጠዋት ረጋ ያለው ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ከባህር ወደ የብስ ይነፍሳል። ይህ ንፋስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጎን ነው። ከባህሩ በኩል ስትነዱ የሚገፋችሁ ወደ መኪናው መንገድ ነው። በተለይ የጎን ቦርሳ የያዘ ብስክሌት እንደ ሸራ ይወጠራል። የድንጋይ አጥር ወይም ሕንፃ አልፋችሁ ገላጣ ቦታ ስትገቡ መሪውን ጠበቅ አድርጉ፤ ግፊቱ የሚመጣው በድንገት ነው።

ምን ይደረግ? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ብዙውን ኪሎ ሜትር እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ። ጉብኝቱን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። የአካባቢውን የወቅት ንፋስ ቀድማችሁ እዩ። የሚቻል ከሆነ ገላጣውንና ረጅሙን ዳርቻ ንፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ እንድትጨርሱት ዙሩን አዙሩ። ትንበያው ያልተቋረጠ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለ፣ የንፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ 6 ገብቷል ማለት ነው። ያን ቀን አርፉ።

ታሪካዊ ቦታዎችን እንዴት ልምረጥ? ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ።

ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ሁሉንም ያየ ሰው ማታ ሲጠየቅ ምሽጎቹ ይምታቱበታል። እኔ በቀን አንድ ዋና ቦታ እመርጣለሁ፣ በደንብ አነብበታለሁ፣ ሙሉ ሁለት ሰዓት እሰጠዋለሁ። ሌላው በመንገድ ላይ ከተገኘ ቆሜ አየዋለሁ፤ ካልተገኘ አልፈዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ቀድሞ ማንበብ ዓይን ይሰጣል። ለምሳሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች የናፖሊዮንን ወረራ ፈርተው በደቡብና በምሥራቅ ዳርቻቸው የሠሯቸው ማርቴሎ የሚባሉ ክብ ማማዎች አሉ። የስማቸው መነሻ ኮርሲካ ደሴት ላይ ሞርቴላ በተባለ ቦታ የነበረ ማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደብድበውት አልበገር ስላላቸው ተደንቀው ቀዱት። ይህን ያላነበበ ሰው የሚያየው የድንጋይ በርሜል ነው። ያነበበ ሰው ግን ዙሪያውን ይሄዳል። በሩ መሬት ላይ እንዳልሆነ ያያል፤ ከፍ ብሎ በየብሱ በኩል ነው፣ ድሮ በመሰላል ነበር የሚገባው። በባህሩ በኩል ያለው ግድግዳ በየብሱ በኩል ካለው ይወፍራል። መድፍ ከየት ይመጣል ብለው እንደፈሩ ግድግዳው ራሱ ይናገራል።

የጥንቱን ለሚወድ ደግሞ ስፔን፣ ላ ኮሩኛ ያለው የሄርኩለስ ማማ አለ። ሮማውያን የሠሩት የመብራት ማማ ነው፤ እስከ ዛሬ ለመርከቦች ያበራል። ዩኔስኮ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስሪላንካ ያለው የጋሌ ምሽግ ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረውት ደቾች በ17ኛው ያጠናከሩት ነው። ውስጡ ሰው የሚኖርበት ከተማ ስለሆነ ብስክሌቱን አቁሞ በግንቡ ላይ በእግር መዞር ነው የሚሻለው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልበል። ሁሉም ምሽግ ፎቶ ተነስተው የሚያልፉት አይደለም። ጋና ውስጥ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 መገንባት የጀመሩት ኤልሚና እና ጎረቤቱ ኬፕ ኮስት በባህር ዳር የቆሙ ነጫጭ ግንቦች ናቸው። ከሩቅ ያምራሉ። ከሥር ያሉት ጨለማ ክፍሎች ግን ሰዎች በባርነት ከመጫናቸው በፊት የታጎሩባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ያለበትን ቀን ቀለል አድርጉት። ሌላ ጉብኝት አትጨምሩበት፣ መንገዱንም አሳጥሩት። ከዚያ ወጥቶ ሰዓት ለማካካስ መሮጥ ለቦታውም ለራስም አይመጥንም።

የመክፈቻ ሰዓት ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ብዙ ቦታ የመጨረሻው መግቢያ ከመዝጊያው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ብዙ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፣ በአብዛኛው ሰኞ። የመብራት ማማዎች ደግሞ ከውጭ ብቻ የሚታዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

የባህሩ መሙላትና መጉደል እኔን ይመለከተኛል?

ወደ ደሴት የሚወስድ፣ ውሃ ሲሞላ የሚሸፈን መንገድ በዙራችሁ ላይ ካለ በጣም ይመለከታችኋል። በአብዛኛው ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ትናንት 4 ሰዓት ላይ የተሻገራችሁበትን መንገድ ዛሬም በዚያው ሰዓት አገኘዋለሁ ማለት አይቻልም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱም ጉድለቱም ይጨምራል።

ሰሜን እንግሊዝ ያለችው ሊንዲስፋርን ደሴት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ635 ገዳም የተመሠረተባት፣ በ793 ቫይኪንጎች የወረሯት ቦታ ናት። መንገዷን ባህሩ በቀን ሁለቴ ይውጠዋል። ለተያዘ ሰው መጠጊያ የሚሆን በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ትንሽ ጎጆ አላት። የሙላቱ ሰንጠረዥ እያለ በየዓመቱ መኪና የሚሰምጥባቸው ሰዎች አሉ።

ውሃው ሄዶም መንገዱ ወዲያው አይታመንም። ፈረንሳይ ውስጥ ባህሩ ሲሞላ የሚሸፈነው፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የጓ መሻገሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ሁለተኛ ምዕራፍ የውድድሩ መንገድ ነበር። እርጥቡ ድንጋይ ያንሸራትት ነበርና ብዙ ተወዳዳሪ አንድ ላይ ወደቀ። ስዊዘርላንዳዊው አሌክስ ዙለ በዚያ ቀን ከ6 ደቂቃ በላይ አጣ። እነሱ ባለሙያዎች ናቸው። እኛ ዕቃ ጭነን እዚያ ላይ በዝግታ፣ ፍሬን ሳንይዝና መሪ ሳናጥፍ እንለፍ። ካስፈራችሁ ወርዳችሁ ግፉት።

ባህር ዳር ሜዳ አይደለም እንዴ? ማርሹ ለምን ይበዛል?

አሸዋማው ዳርቻ ሜዳ ነው። ገደላማው አይደለም። ወንዞች ወደ ባህር ሲገቡ መሬቱን ቆርጠው ስለሚወርዱ መንገዱ በየወንዙ ወርዶ በየወንዙ ይወጣል። እያንዳንዱ ዳገት አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ደግሞም ይደጋገማል። በቀኑ መጨረሻ ሲደመር 1000 ሜትር መውጣት ሊሆን ይችላል። መስመሩን በስልክ ስታወጡ ከርዝመቱ በታች ያለውን የከፍታ ድምርም አንብቡ። ብስክሌታችሁ ቀላል ማርሽ ከሌለው ዕቃ ጭኖ ጉልበት ያሳምማል።

ጎማስ?

ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ይሆናል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የፍሬን ጫማና የሰንሰለት ማያያዣ ያዙ።

ጨው ብስክሌቱን ያበላሸዋል ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ፈጣንም ነው። አንድ ቀን ማዕበሉ ግንቡን እየመታ መንገዱን በሚረጭበት ቦታ አልፌ ማታ ደክሞኝ ብስክሌቱን ሳላጥብ ተኛሁ። ጠዋት ሰንሰለቱ ብርቱካንማ ሆኖ ጠበቀኝ። ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ በርበሬ ደቃቅ ዝገት ወጣ። ስረግጠው ሲጥ ሲጥ ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ 10 ደቂቃ አለኝ። ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ፤ በኃይለኛ ግፊት አይደለም፣ ግፊቱ ውሃውን ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋል። በጨርቅ ማድረቅ። ሰንሰለቱን እያዞሩ ዘይት ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ትርፉን መጥረግ። በየብሎኑ ራስ ላይም ትንሽ ቅባት። ከጉዞው ስትመለሱ የኮርቻውን ዘንግ አውጡና ግሪስ ቀቡት። አሉሚኒየምና ብረት በጨው ውሃ ሲገናኙ ይጣበቃሉ፤ በኋላ ማውጣቱ መከራ ነው። አሸዋው ላይ ለፎቶ ካልሆነ በቀር አትንዱ።

ባቡር ወይም ጀልባ ብጠቀም ዙሩን አጎደልኩ ማለት ነው?

በፍጹም። አንዳንድ ዳርቻ ለብስክሌት አልተሠራም። ታይዋንን የሚዞረው መንገድ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ሱአዎና ሁዋሊየን መካከል ያለው መንገድ ግን በገደልና በዋሻ የሚያልፍ፣ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። ብዙ ብስክሌተኞች ያንን ክፍል በባቡር ያልፉታል፤ ዙሩን ጨረስን ሲሉም ማንም አይከራከራቸውም። የወንዝ አፍ ላይ ያለች ጀልባ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ታድናለች። ብስክሌት ትጭን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ከወቅቱ ውጭ ትሠራ እንደሆነ ብቻ አጣሩ።

ፀሐይና ውሃን እንዴት ልያዝ?

የባህር ንፋስ ያታልላል። ቆዳው ቀዝቅዞ ይቃጠላል። ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ፣ የባህር አረፋ 25 በመቶ ያህል አልትራቫዮሌት የተባለውን ቆዳ የሚያቃጥል የፀሐይ ጨረር መልሶ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ከታች አገጭንም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀቡ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር አስቡ። ባህሩ አጠገባችሁ ሆኖ ንጹሕ ውሃ የማይገኝበት 30 ኪሎ ሜትር ሊያጋጥም ይችላል።

ምሽግ ስገባ ብስክሌቱንና ዕቃውን ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው የሚጨነቀው በዚህ ነው፣ ልክም ነው። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ስልክና ቻርጀር በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይሁኑ፤ በአንድ እጅ ተነጥላ የምትወጣ፣ ከሰውነት የማትለይ። ብስክሌቱን የትኬት መሸጫው ሰው በሚያየው ቦታ ቆልፉት፣ ሰውየውን ሰላም በሉት፣ በትሕትና ለምኑት። እኔ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። የተሻለው መፍትሔ ግን ዋናውን ቦታ ከማደሪያችሁ አጠገብ ማድረግ ነው። ዕቃውን አስቀምጣችሁ፣ ታጥባችሁ፣ በተራ ጫማ ትገባላችሁ። ከሥሩ ብረት ያለው የብስክሌት ጫማ በሰዎች እግር በለሰለሰ የድንጋይ ደረጃ ላይ ያንሸራትታል፤ ድንጋዩንም ይጎዳል።

ስልኬ ላይ ያለው መንገድ ብቻ ይበቃል?

መስመሩን ኢንተርኔት በሌለበት እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱ። በኮሙት ወይም በሌላ መተግበሪያ ያወጣችሁትን በሳተላይት ፎቶ እያጎላችሁ ተመልከቱት። ካርታው መንገድ ያለው ነገር የእግር ደረጃ ሆኖ ይገኛል። በመንገዱ ላይ ያሉትን ዋሻዎችም እዩ፤ የኋላ መብራት ቀንም ይብራ። የመግቢያ ሰዓቶቹን፣ የጀልባውንና የውሃ ሙላቱን ሰዓት በአንዲት ወረቀት ጽፌ መሪው ላይ በፕላስቲክ አስራለሁ። ባትሪ አያልቅባትም።

ምን ያህል ልለማመድ?

ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ዋናው ልምምድ ሙሉውን ዕቃ ጭኖ ሁለት ቀን በተከታታይ መንዳት ነው። መቀመጫችሁና እጃችሁ እውነቱን የሚናገሩት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው።

ዙሩን ከየት ልጀምር?

ክብ ስለሆነ ከየትም ይጀመራል፤ መልካምነቱም እዚያ ላይ ነው። ባቡር ወይም አውቶቡስ ያላትን ከተማ ምረጡ፤ ከመካከል ማቋረጥ ቢያስፈልግ መመለሻ እንዳይቸግር። የብስክሌቱን ካርቶንና የማትፈልጉትን ዕቃ የሚያስቀምጥላችሁ ማደሪያ እዚያ ፈልጉ፣ ለመጨረሻው ሌሊትም አልጋ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ከ40 ኪሎ ሜትር አታሳልፉት፤ ማሰሪያው የሚላላው፣ ኮርቻው የሚስተካከለው ያን ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን ላይ ደግሞ ምንም የመግቢያ ሰዓት ያለው ቦታ አታስቀምጡ። አንድ ባዶ ቀንም ከዙሩ መሀል ይኑራችሁ። ንፋሱ ካልወሰደው ወደ ወደዳችሁት ማማ ትመለሱበታላችሁ።